ማረሻው፣ አሻሻዮቹና አራሹ

በአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶቻችን ስለ አገር እርሻ በሚሰጠው ትምህርት የማረሻ ስም የሚነሣው አብዛኛውን ጊዜ «ኋላ ቀር» ከሚል ቅጽል ጋር ነው። ቅጽሉን መምህሩ ሲናገረው፣ ተማሪው በደብተሩ ሲጽፈው፣ በፈተናም «የአገራችን ገበሬ ምርት ስለ ምን አነሰ?» ለሚል ጥያቄ እንደ መልስ ሲያቀርበው ብዙ ዓመታት አልፈዋል። በደሴና በኮምቦልቻ ዙሪያ ካሉት የገጠር ቀበሌዎች ወደ ትምህርት ቤት የሚመጣ ልጅ ግን ይህን መልስ የሚጽፈው አባቱ በዚያው ጠዋት በትከሻው ተሸክሞ የወጣውን መሣሪያ በዓይነ ኅሊናው እያየ ነው። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ማረሻን ለማሻሻል ካለፈው ምዕተ ዓመት አጋማሽ ወዲህ የተደረጉት ሙከራዎች ምን እንደ ገጠማቸው፣ ከእነርሱም የትኛው በአራሹ እጅ እንደ ቀረና የትኛው ከጎተራ ሥር እንደ ተጣለ ታሪኩን መከተል ነው። ቅጽሉ ይገባዋል ወይስ አይገባውም የሚለውን አንባቢ ከታሪኩ ሊመዝን ይችላል። (ዓመተ ምሕረት ተብሎ ካልተገለጸ በቀር ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዘመናት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

አንድ መሣሪያ የታሰበለትን ሥራ መሥራቱ አንድ ነገር ነው፤ የሚገለገልበት ሰው ሳይቸገርና ያለ ልክ ሳይደክም ሊይዘው መቻሉ ሌላ ነገር ነው። ይህን ሁለተኛውን ጉዳይ ነጥሎ የሚመረምር የጥናት ዘርፍ በኢንዱስትሪ አገሮች በሰፊው የተስፋፋው ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት ወዲህ ነው። በስዊድን አገር በ1944 የቤት ውስጥ ሥራ ምርምር ተቋም ተቋቁሞ የቤት እመቤቶች በወጥ ቤት ሥራቸው ላይ የሚያደርጉትን እንቅስቃሴና የሚደርስባቸውን ድካም መርምሯል፤ ዕቃዎቹና ማድቤቱም ከሠራተኛዋ አካል ጋር እንዲስማሙ ለማድረግ ጥሯል። ዛሬ የስልክና የኮምፒዩተር ሠሪዎች «የተጠቃሚ ጥናት» እያሉ የሚያካሂዱት ሥራም የዚሁ ዘር ነው። የዘዴው እምብርት ቀላል ነው፤ ዕቃውን ለሚገለገልበት ሰው ሰጥቶ፣ በራሱ ቦታና በራሱ ሰዓት ሲሠራበት ዝም ብሎ ማየት ነው። ቀላል ስለሆነ ግን ሁልጊዜ ይደረጋል ማለት አይደለም።

ወደ ማረሻው እንመለስ። ጥንታዊነቱን ለማስረዳት በዐዲግራት አጠገብ በአምባ ፎካዳ የሚገኘው የዐለት ላይ ሥዕል ይጠቀሳል፤ በሥዕሉ ላይ በጥንድ በሬ ሲታረስ ይታያል። የወሎን የገጠር ታሪክ ያጠናው አሜሪካዊው የታሪክ ምሁር ጄምስ ማካን በ1995 ያሳተመውን የኢትዮጵያ የእርሻ ታሪክ መጽሐፍ ሲሰይም የደጋውን ሰው «የማረሻ ሕዝብ» ብሎታል። መሣሪያው ከጥቂት ክፍሎች የተዋቀረ ነው። ሞፈሩ ረጅም ግንድ ሲሆን ከቀንበሩ ጋር በምራን ይታሰራል። እርፉ አራሹ የሚይዘው እጀታ ነው። በግራና በቀኝ የሚቀመጡት ሁለቱ ድግሮች አፈሩን ወደ ጎንና ወደ ጎን ይገፋሉ፤ ወገል የሚባለው የብረት ቀለበት አጣብቆ ይይዛቸዋል። መሬቱን የሚወጋው ብረት ራሱ ማረሻ ይባላል፤ ጠቅላላው መሣሪያም በእርሱ ስም ይጠራል። ከእነዚህ ሁሉ ገበሬው በገንዘብ የሚገዛው ብረቱን ብቻ ነው ቢባል ከእውነት አይርቅም። የቀረውን በመጥረቢያና በመሮ ራሱ ይጠርባል፣ ወይም ከጎረቤቱ ጠራቢ ያሠራል።

መለኪያ የያዙ ተመራማሪዎች በኋላ እንዳረጋገጡት መሣሪያው ከነቀንበሩ ከ17 እስከ 26 ኪሎ ግራም ይመዝናል። ይህ ቁጥር ተራ ቁጥር አይደለም። ማሳው ከቤቱ ርቆ፣ በዳገት ላይ፣ በሦስትና በአራት ቦታ ተበጣጥሶ ለሚገኝ ገበሬ መሣሪያው በአንድ ሰው ትከሻ የሚወጣና የሚወርድ መሆን አለበት። ሌላም አለ። አራሹ እርፉን የሚይዘው በአንድ እጁ ነው፤ በሁለተኛው እጁ ጅራፍ ይይዛል። በዚህም ምክንያት አንድ ሰው ብቻውን ያርሳል፣ ብቻውንም በሬዎቹን ይነዳል። ማረሻው ድንጋይ ሲገጥመው እርፉን ቀና አድርጎ ያሳልፈዋል፤ ጥልቀት ሲፈልግ ይጫነዋል፤ ጠባብ እርከን ጫፍ ላይ ሲደርስ አንሥቶ ያዞረዋል። ድግሩ ቢሰበር በዕለቱ ይተካል።

ጉድለቱም መነገር አለበት። ማረሻው አፈሩን ይሰነጥቃል እንጂ አይገለብጥም፤ በትልምና በትልም መካከልም ያልተነካ መሬት ይተዋል። ስለዚህ ገበሬው እያቋረጠ ደጋግሞ ያርሳል፤ ለጤፍ ሦስት፣ አራት፣ አንዳንዴም አምስት ጊዜ ይመላለስበታል። ይህ ሁሉ የበሬና የሰው ጉልበት ነው፤ በተዳፋት ላይ ደግሞ የላላው አፈር ለጎርፍ ይጋለጣል። እንግዲህ ማረሻን ማሻሻል የፈለጉት ሰዎች በቂ ምክንያት ነበራቸው።

ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ የሚወርደው መንገድ ሃያ አምስት ኪሎ ሜትር ያህል ቢሆን ነው፤ ነገር ግን ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ከሆነው ብርዳም ደጋ ተነሥቶ 1,850 ሜትር ገደማ ወደሆነው የቦርከና ሸለቆ ያደርሳል። በዚህ አጭር ርቀት ውስጥ ድንጋያማ ዳገት፣ በካብ የተያዘ ጠባብ እርከን፣ ከዚያም ሜዳና ጥቁር አፈር ይገኛል። ይህን ሁሉ የሚያርሰው መሠረቱ አንድ የሆነ መሣሪያ ነው። ብረቱን የሚቀጠቅጡት አንጥረኞች ከሚጠቀሙባቸው ቁርጥራጮች መካከል የአሮጌ ጭነት መኪና ባሌስትራ አንዱ ነው፤ ቃሉ ራሱ ጣልያንኛ ነው። የዘመናዊ ማመላለሻ ስብርባሪ በወናፍና በመዶሻ ተለውጦ ወደ ጥንታዊው መሣሪያ መግባቱን ለማየት የሚፈልግ መምህር ሩቅ መሄድ አያስፈልገውም። «ኋላ ቀር» የሚለው ቅጽል ይህን ዓይነቱን እንቅስቃሴ አይገልጸውም።

ማረሻን ለመተካት ከቀረቡት መሣሪያዎች የመጀመሪያው አፈር የሚገለብጠው የአውሮፓ ማረሻ ነበር። ከጣልያን ወረራ ዘመን አንሥቶ በየጊዜው ወደ አገራችን ገብቷል፤ ከነጻነት በኋላም በአሜሪካ መንግሥት ድጋፍ የተቋቋሙት የጅማና የዓለማያ የእርሻ ትምህርት ቤቶች ሞክረውታል። በ1967 በስዊድን መንግሥት እርዳታ በአርሲ የተጀመረው የጭላሎ የእርሻ ልማት ድርጅት፣ በተለምዶ «ካዱ» የሚባለው፣ ለመሣሪያዎች ምርምር ራሱን የቻለ ክፍል አቋቁሞ ማረሻዎችን፣ መከስከሻዎችንና ጋሪዎችን ፈትኗል። ማዳበሪያና የተሻሻለ ዘር በገበሬው ዘንድ ፈጥነው ተስፋፉ። አዲሱ ማረሻ ግን በዚያው መጠን አልተስፋፋም።

ምክንያቱን ገበሬው እንግዳ ነገር ስለሚፈራ ነው ብሎ ማለፍ በዘመኑ የተለመደ ነበር። ይህ አባባል አያስኬድም፤ ያው ገበሬ ማዳበሪያውን ተቀብሏልና። መሣሪያውን ከአራሹ ቦታ ሆኖ ለተመለከተው ምክንያቱ ግልጽ ነው። ገልባጩ ማረሻ ብዙውን ጊዜ ባለ ሁለት እጀታ ነው፤ ሁለቱንም እጅ ይይዛል። ታዲያ ጅራፉን ማን ይያዝ? በሬዎቹን የሚመራ ሁለተኛ ሰው ያስፈልጋል፤ ይህም ከትምህርት ቤት የሚቀር ልጅ ሊሆን ይችላል። መሣሪያው ይከብዳል፤ በሬዎቹን የሚጠይቀው ኃይልም ይበዛል፤ እነርሱ ደግሞ የእርሻው ወራት ሲገባ ከረጅም በጋ የወጡ፣ አጥንታቸው የሚቆጠር ናቸው። ቢሰበር የመንደሩ አንጥረኛ አይጠግነውም። ዋጋውንም አንርሳ። በፈተናው ጣቢያ የሚለካው የትልሙ ጥልቀትና የተገለበጠው አፈር መጠን ነበር፤ በዚህ መለኪያ አዲሱ ማረሻ ያሸንፋል። ተሸክሞ ዳገት መውጣት፣ በጠባብ እርከን ላይ መዞር፣ ከጎረቤት ቀንበር ጋር መገጣጠም በመዝገቡ ላይ ዓምድ አልነበራቸውም። የእመቤቶችን ድካም በወጥ ቤታቸው ውስጥ ቆጥሮ ካወቀ አገር የመጡ ባለሙያዎች ይህን የአራሹን ሙሉ ቀን አለመቁጠራቸው፣ ለዚህ ጸሐፊ ሁልጊዜ የሚያስገርም ሆኖ ይኖራል።

በጭላሎ በእርግጥ የገባ አዲስ መሣሪያ ነበር፤ እርሱም ትራክተር ነው። ያስገቡት ባለ ርስቶች ሲሆኑ፣ በዚያው ምክንያት ብዙ ጭሰኞች ከመሬታቸው ተነቅለዋል። «ተጠቃሚው ማን ነው?» የሚለው ጥያቄ ከምቾት ጥያቄ በላይ የሚሆንበት ጊዜ አለ።

ሁለተኛው ታላቅ ሙከራ ለወሎ የበለጠ ይቀርባል። በ1980ዎቹ መጀመሪያ ይጠቀስ በነበረው ግምት ከደጋው ገበሬዎች ሲሶ ያህሉ በሬ አልነበራቸውም፤ ሌላ ሲሶ ያህሉ ያላቸው አንድ በሬ ብቻ ነበር። በ1974 አዲስ አበባ ላይ የተመሠረተው ዓለም አቀፍ የአፍሪካ የከብት ሀብት ማዕከል፣ በምህጻሩ «ኢልካ»፣ ከዚህ ተነሥቶ ባለ አንድ በሬ ማረሻ ሠራ። ቀንበሩ ለአንድ አንገት ተበጀ፤ ሞፈሩ አጠረ፤ ከሥሩም በመሬት ላይ የሚንሸራተት መደገፊያ ገባለት፤ በሬው የሚስበውም በገመድ ሆነ። በምርምር ጣቢያ ላይ በተደረገው ሙከራ አንዱ በሬ ጥንዱ ከሚያርሰው ከግማሽ በላይ ማረስ ቻለ። ወዲያው የ1977 ዓ.ም. ድርቅ መጣ። ወሎ ሰዉንም ከብቱንም አጣ፤ በሕይወት የተረፈው ገበሬ በሬ አልባ ወይም ባለ አንድ በሬ ሆኖ ወደ ማሳው ተመለሰ። ባለ አንድ በሬው ማረሻ በወረቀት ላይ ለዚህ ሰው የተሠራ ይመስል ነበር።

ሆኖም በገበሬው ዘንድ አልያዘም። በጣቢያው የታየው በሬ በሚገባ የተቀለበ ነው፤ ከድርቅ የተረፈው ግን አይደለም። የመጀመሪያው እርሻ፣ መሬቱ ደርቆ እንደ ጡብ በጠነከረበት ወቅት፣ ለአንድ በሬ ይከብዳል። ከዚህም ሌላ ገበሬው ለችግሩ ከጥንት የቆየ መፍትሔ ነበረው፤ መቀናጆ። አንዱ ባለ አንድ በሬ ከሌላው ባለ አንድ በሬ ጋር ተቀናጅቶ ተራ በተራ ያርሳሉ። መቀናጆ በሬ ብቻ አያቀናጅም፤ የቀን አጠቃቀምን፣ የዘር ብድርን፣ ሰውየው ቢታመም ማሳውን ማን እንደሚያርስለትም ጭምር ያስተሳስራል። አዲሱ መሣሪያ ገበሬውን ከጎረቤቱ ጥገኝነት ሊያላቅቀው አስቦ ነበር፤ ገበሬው ግን ያንን ትስስር እንደ ችግር ብቻ አይቆጥረውም። እዚህ ላይ የመሐንዲሶቹን ሥራ ማቃለል አይገባም። ችግሩን በትክክል አይተዋል፤ ያላዩት ችግሩ አስቀድሞ የተመለሰበትን መንገድ ነው።

ሦስተኛው ሙከራ በአካሄዱ ይለያል። በኢትዮጵያ ደጋ 7.6 ሚሊዮን ሄክታር የሚሆን ዋልካ አፈር እንዳለ ይገመታል። ዋልካ ሲደርቅ ይሰነጣጠቃል፣ ሲርስ ይላቁጣል፤ ክረምት በሙሉ ውሃ ይቋጥራል። በዚህ ምክንያት ገበሬው ዝናቡ እስኪያልፍ ይጠብቅና በነሐሴ መጨረሻ ወይም በመስከረም በቀረው ርጥበት ይዘራል፤ ምርጡ ወቅት ባዶ ያልፋል። ከደሴ ተነሥቶ በወረ ኢሉ በኩል ወደ ጃማ የሚሄድ ሰው ይህን አፈር በሰፊው ያየዋል። ከጃማ ባሻገር፣ በሰሜን ሸዋ በእነዋሪ ግን ገበሬዎች ውሃውን የሚያጠነፍፉበት የራሳቸው ዘዴ ነበራቸው፤ ማሳውን በማረሻ ካለሙ በኋላ አፈሩን በእጅ እየዛቁ ሰፋፊ መደብና ቦይ ያበጃሉ። ሥራውን የሚሠሩት በአብዛኛው ሴቶችና ልጆች ነበሩ፤ በጭቃ ውስጥ አጎንብሰው።

በ1986 በኢልካ፣ በሕንድ አገር ማዕከሉ በሆነው የደረቅ አካባቢ ሰብሎች ምርምር ተቋም፣ በእርሻ ምርምር ኢንስቲትዩት፣ በዓለማያ ዩኒቨርሲቲና በእርሻ ሚኒስቴር መካከል የተቋቋመው የዋልካ አፈር ፕሮጀክት የጀመረው ከዚህ ከሰው እጅ ሥራ ነው። አብዬ አስታጥቄ፣ ሳሙኤል ዩትዚና ፍራንክ አንደርሰን ባሳተሙት ሥራ እንደሚታየው መንገዱ ነባሩን ማረሻ በርካሽ ዋጋ መለወጥ ነበር። ሁለት ማረሻዎችን አጣምረው፣ አፈር የሚሰበስብ ክንፍ ጨምረው፣ ሴቶቹ በእጃቸው ያበጁት የነበረውን መደብ በበሬ እንዲሠራ አደረጉ፤ የመደቡ ስፋት 80፣ የቦዩ 40 ሴንቲ ሜትር ነው። መሣሪያው ሰፊ መደብ ማውጫ ሲሆን፣ ገበሬውና የልማት ሠራተኛው «ቢ.ቢ.ኤም.» እያሉ ይጠሩታል። ስንዴ በሰኔ መጨረሻና በሐምሌ እንዲዘራ አስቻለ።

የመጀመሪያዎቹ ሥሪቶች ግን አሁንም ከባድ ነበሩ። ገበሬዎች ያሰሙት ቅሬታ ከሠላሳ ዓመት በፊት ስለ ገልባጩ ማረሻ ከተነገረው ብዙ አይለይም፤ በሬውን ያደክማል፣ ተሸክሞ ማሳ ማድረስ ያስቸግራል የሚል ነው። ልዩነቱ በዚህ ጊዜ ቅሬታው ተሰምቶ መሣሪያው እንደገና ወደ ሠሪው መመለሱ ነው። በመልካሳ የእርሻ መሣሪያዎች ምርምርም ቀደም ብሎ ሞፈሩንና እርፉን እንዳለ ትቶ ብረቱን ብቻ የሚለውጥ ገልባጭ ማረሻ አውጥቶ ነበር፤ አራሹ አንድ እጁ ለጅራፉ እንደ ቀረለት ልብ ይሏል። የእርሻ መሐንዲሱ ዶክተር መለሰ ተመስገን ደግሞ በከፊል ደረቅ አካባቢዎች ስለሚደረግ እርሻ ካጠኑ በኋላ ባቋቋሙት አይባር ኢንጂነሪንግ አማካይነት ቀለል ያለና በነባሩ ማረሻ ላይ የሚገጠም ቢ.ቢ.ኤም. ሠርተዋል። ይህም ሥሪት በአማራ ክልል የዋልካ መሬቶች በሰፊው ተሰራጭቷል።

ከዚህ ጋር አብሮ የሚነሣ አንድ ጉዳይ አለ። በአሜሪካ በ1837 ጆን ዲር የተባለ አንጥረኛ ከተሰበረ የመጋዝ ብረት ያበጀው ማረሻ በኢሊኖይ ተጣባቂ ጥቁር አፈር ላይ መሥራቱ በብዙ መጻሕፍት ይተረካል። የዲር ደንበኞች ጎረቤቶቹ ነበሩ፤ ማረሻው ሲጣበቅባቸው ወደ በሩ መጥተው ይነግሩታል። በእኛ አገር በምርምር ጣቢያና በማሳው መካከል ያለው ርቀት ይህን ንግግር አዝግሞታል። የኮምቦልቻ አንጥረኛ ከገበሬው ጋር በየገበያው ቀን ይገናኛል፤ መሐንዲሱ ግን አንጥረኛውን የሚያገኘው አልፎ አልፎ ነው።

ከዚህም በላይ «ተጠቃሚ» ሲባል እርፍ የሚይዘው ወንድ ብቻ እንደሆነ መታሰቡ አልቀረም። ቢ.ቢ.ኤም. በጭቃ ውስጥ አጎንብሰው መደብ ያበጁ ከነበሩት ሴቶች ላይ ከባድ ሸክም አንሥቷል። ነገር ግን ስንዴው በሐምሌ ሲዘራ አረሙ አብሮት ይበቅላል፤ ቀድሞ ዘግይቶ ሲዘራ በእርሻው ይጠፋ የነበረው አረም አሁን በእጅ ይነቀላል። ነቃዮቹም በአብዛኛው ሴቶችና ልጆች ናቸው። የሥራውን ጊዜ ቆጥሮ ትርፉንና ኪሣራውን በቤተሰቡ አባላት ለይቶ ማስላት በመሣሪያው ፈተና ውስጥ መግባት ያለበት ጉዳይ ነው።

በማሠልጠኛ ኮሌጆች የአካባቢ ሳይንስ ትምህርት ላይ ይህን ታሪክ ለማስገባት አዲስ መጽሐፍ መጠበቅ አያስፈልግም። ዕጩ መምህራን በሁለት በሁለት ሆነው ወደ አንድ አራሽ ቤት ቢሄዱ፣ መሣሪያውን በሚዛን ቢመዝኑ፣ ክፍሎቹን በአካባቢው ስም ቢመዘግቡ፣ እያንዳንዱ ክፍል መቼ እንደ ተቀየረና ማን እንደ ሠራው ቢጠይቁ፣ ከዚያም ግማሽ ቀን ከትልሙ ዳር ቆመው የሚያዩትን ቢጽፉ በቂ ነው። በደሴ ዙሪያ ደጋ የበልግ እርሻ ስላለ ሥራው በጥርና በየካቲት፣ ትምህርት ቤት ሳይዘጋ ሊታይ ይችላል። በጃማ ግን የቢ.ቢ.ኤም. ሥራ የሚደርሰው በሰኔ መጨረሻና በሐምሌ፣ ተማሪዎችና መምህራን በተበተኑበት ወቅት ስለሆነ፣ ለዚያ ወገን የሚላኩት ዕጩዎች የልምምድ ጊዜያቸው በክረምት እንዲሆን ከወዲሁ መመደብ ይኖርበታል።